ከሴባስቶፖል መድፍ እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ

ከአራዳ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርድ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳያ ያላየ የአዲስ አበባ ተማሪ ጥቂት ነው። የመድፉን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የሠሩት ሰዎች ወዴት እንደ ደረሱ ግን ጠይቀን አናውቅም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን ለመመልከት አስበናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ጥበብ ወደ አገራቸው እንዲገባ አጥብቀው ይመኙ ነበር። ስለዚህ ከስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና፣ ለወንጌል ሥራ የመጡትን የእጅ ሙያተኞች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ ይህን ሙያ እንደማያውቁ ቢናገሩም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ከብዙ ድካም በኋላ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ተሠራ፤ በሰው ጉልበትም እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ሆኖም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘች፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ።

የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ሙያቸውም አብሯቸው ወጣ። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከአምስት ዓመት በኋላ በሊባኖስ፣ በብሩማና፣ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል፤ የጋፋት ምድጃ ግን ጠፋ።

በዚያው ሰሞን በመቅደላ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወሰደ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ በላሆር ሕክምና ተማረ፤ በበርማም አገለገለ። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ አማርኛ የማያውቁ ጐልማሳ ሆነው ወደ አገራቸው መጡ፤ ቤተ ዘመዶቻቸው ለዩአቸው፤ ቋንቋቸውንም እንደገና ተማሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ደከሙ። ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ተመለሱ፤ ነገር ግን በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሏቸው።

እንግዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያውን ይዘው ነበር፤ ሙያውን ግን በአገር ማስቀረት አልቻሉም። ሐኪም ወርቅነህ ሳይወዱ ተወሰዱ፤ ወደው ግን ተመለሱ፤ የተማሩትንም ለሌላው አስተማሩ። ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት ከምንወጣው መካከል ባሕር የሚሻገር ይኖራል። መሄዱን አንነቅፍም፤ ያለ መሄድ የማይገኝ ትምህርት አለና። ነገር ግን የመመለስ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ከብንያምና ከዮሴፍ ዐውቀን፣ ንጉሡ በግድ የፈለጉትን እኛ በፈቃዳችን ለማምጣት እንድንበቃ እግዚአብሔር ይርዳን።