ሞፕን ለተላመደ ሊምፎማ፦ የኤቢቪዲ ጥምር ሕክምና አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1942 በየል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን ያጠኑት ናይትሮጅን መስተርድ ለአንድ የሊምፎማ ሕሙም ሲሰጥ ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ አደገ፤ መድኃኒቱ በተደጋገመ ቁጥርም ኃይሉ እየደከመ ሄደ። በነጠላ መድኃኒት የሚገኘው ፋታ አጭር እንደሆነና በሽታው መድኃኒቱን እንደሚላመድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታየ።

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዶክተር ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1964 የተለየ መንገድ ሞከሩ። ናይትሮጅን መስተርድን፣ ቪንክሪስቲንን፣ ፕሮካርባዚንንና ፕሬድኒሶንን አጣምረው፣ ሞፕ በተባለው ሥርዓት፣ ሥር ለሰደደ የሆጅኪን ሊምፎማ ሰጡ። የአራቱ አሠራር የተለያየ ከመሆኑም ሌላ ቪንክሪስቲንና ፕሬድኒሶን መቅኒን እምብዛም ስለማይጎዱ፣ እያንዳንዱን በበቂ መጠን መስጠት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ዘገባ መሠረት ከ43 ሕሙማን በ35ቱ የበሽታው ምልክት ሙሉ በሙሉ ጠፋ።

ሞፕ ያልበገረው ወይም ያገረሸ በሽታ ግን መፍትሔ ይሻ ነበር። ጥያቄው ለሞፕ መድኃኒቶች የማይበገረው ሕዋስ ለሌላ ስብስብ ይበገር ይሆን? የሚል ነበር። በሚላኖ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዶክተር ጂያኒ ቦናዶና ከሞፕ ጋር አንድም የጋራ መድኃኒት የሌለው ጥምረት አዘጋጁ፤ አድሪያማይሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲንና ዳካርባዚን። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው ጥናታቸው ሁለቱን ሥርዓቶች አነጻጸረ፤ አንዱ ያልሠራላቸው ወደ ሌላው ሲዛወሩ ውጤት በመገኘቱም፣ አንዱን የተላመደ በሽታ ሌላውን የግድ እንደማይላመድ ተረጋገጠ።

ለተስፋ ቆራጮች የታሰበው ሕክምና ቀስ በቀስ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ። ጆርጅ ካኔሎስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 በ361 ሕሙማን ላይ ባቀረቡት ጥናት ሙሉ ፋታ ያገኙት በሞፕ 67፣ በኤቢቪዲ 82፣ ሁለቱን በማፈራረቅ ደግሞ 83 በመቶ ነበሩ። በአጠቃላይ የመኖር ዕድሜ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። የኤቢቪዲ ብልጫ በይበልጥ የታየው ሞፕ በሚያስከትላቸው መካንነትና የደም ካንሰር ረገድ ነው። ያም ሆኖ አድሪያማይሲን ልብን፣ ብሊዮማይሲን ሳንባን ሊጎዱ ስለሚችሉ ክትትል አይቀሬ ነው።

ተመሳሳይ ጉዞ ብሬንቱክሲማብ ቬዶቲንም አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው ላገረሸ በሽታ ሲሆን፣ በ2018 ብሊዮማይሲንን ተክቶ ሥር ለሰደደው በሽታ ወደ መጀመሪያው ሕክምና ገባ። ለተላመደው በሽታ የሚደረግ ሙከራ፣ ገና ሕክምና ላልጀመረውም ሕሙም የሚተርፍ መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።