ከሉህ እስከ ፕላዝማ፦ የትምህርት መሣሪያ ልጁን ይጠብቃልን?

ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ትምህርት መሣሪያዎች ታሪክ እናወጋለን። ከሩቅ አንጀምርም፤ ከሽሮ ሜዳ እንነሳ።

ሽሮ ሜዳ ሲባል ለሁላችንም ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሸማ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ የሰፈሩት ሸማኔዎች ሙያቸውን ለልጆቻቸው ያስተማሩት ያለ ሰሌዳና ያለ ጠመኔ ነው። አባት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ልጅ አጠገቡ ክር እያጠነጠነ ያያል። ክሩ ሲበጠስ አባት እጁን ገታ አድርጎ አቀጣጠሉን ያሳየዋል። ልጁ እስኪገባው ሸማው ይጠብቃል። ይህችን “ይጠብቃል” የምትለውን ቃል አደራ ያዙልን።

የእኛ የቁርኣን ቤቶች መሣሪያም ይጠብቅ ነበር። ሉህ ከእንጨት የተጠረበ ጽላት ነው። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለምና በሸንበቆ ብዕር የዕለቱ ትምህርት ይጻፍበታል። ልጁ ደጋግሞ ይቀራዋል፤ ከዚያ ሸኹ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ካልያዘው ሉሁ አይታጠብም፤ ከያዘው ታጥቦ አዲሱ ይጻፍበታል። አንዱ ልጅ በሳምንት፣ ሌላው በወር ቢጨርስ ሉሁ አያጣድፈውም።

የወሎ ዑለሞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ገጠማቸው። ዓረብኛ የማያውቀው ገበሬና ባልቴት ዲኑን በምን ይማሩ? መልሱ አጀም ሆነ፤ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ማለት ነው። ሸኽ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዓሊሞች በዚህ መንገድ በአማርኛ መንዙማ ሕዝቡን አስተማሩ። በ1961 ዓ.ም. ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ሲታተም ያው መንገድ ይበልጥ ሰፋ። እንግዲህ አባቶቻችን አዲስ ነገር አልፈሩም። ፊደሉን ወደ ተማሪው ቋንቋ አመጡት እንጂ ተማሪውን ከፊደሉ ደጅ አላቆሙትም።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንለፍ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር በአገራችን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሞከረ ነው። ትልቁ እርምጃ ግን የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች “ፕላዝማ” የተባለው ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ በሳተላይት መውረድ ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። የመምህር እጥረት ነበረ፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ተማሪ የአዲስ አበባው የሚያየውን ሙከራ እኩል እንዲያይ ታስቦ ነበር።

ችግሩ የት ላይ ነበር? ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30ውን ያህል የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነበር። ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥቂት ሰከንድ ይቆጥራል፤ ልጁ ደብተሩ ላይ ሳይጨርስ መልሱን ነግሮ ይሄዳል። “አልገባኝም” ብሎ እጁን ለሚያወጣ ልጅ የሚያቆም የለም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። ከዓመታት በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች ስክሪኖቹ ተበላሽተው ወይም ሥራ ፈትተው ግድግዳ ላይ ቀሩ። ፕላዝማው ብዙ ያውቅ ነበር፤ መጠበቅ ግን አያውቅም ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ወደ ቤታችን ገባ። ሦስት አራት ልጆች ባሉበት ቤት አንዲት ስልክ ለማን ትድረስ? ስልክ ያለው አነበበ፤ የሌለው ከጎረቤት ለመነ ወይም ተቀመጠ። ያን ጊዜ መሣሪያ ብቻውን ልጆቻችንን እኩል እንደማያደርጋቸው በዓይናችን አየን።

ታዲያ ስልክና ኮምፒዩተር ይቅሩ ማለታችን ነውን? በፍጹም። እንዲያውም ስልክ ከፕላዝማው የሚሻልበት ነገር አለው፤ ልጁ ትምህርቱን ማቆም፣ መመለስ፣ ደግሞ መስማት ይችላል። የጎደለው የሚያሰማበት ሰው ነው። በቁርኣን ቤት ሸኹ ነበሩ፤ በሸማው ዕቃ አጠገብ አባት ነበረ። ዛሬ ያ ሰው ማን ይሁን?

ወላጆች ሆይ፣ ያልተማርን ነን ብላችሁ አትሽሹ። ከሥራ ስትመለሱ ልጃችሁን “ዛሬ የተማርከውን እስቲ አሰማኝ” በሉት፤ ሴት ልጃችሁንም እንዲሁ። ፊዚክሱን ባታውቁትም ልጁ በራሱ ቃል ሲያስረዳችሁና ሲደናቀፍ ትለያላችሁ። የተደናቀፈበትን ምልክት አድርጎ ነገ መምህሩን ይጠይቅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ይጠይቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።