የዓመቱ ሒሳብ በፎገራ ሜዳ

ዘመን ሲለወጥ ሰው ሁሉ ወደ ኋላው ዞር ብሎ መመልከቱ የቆየ ልማድ ነው። ነሐሴ አልቆ አምስቱ የጳጉሜን ቀናት፥ በዘመነ ሉቃስም ስድስቱ፥ ሲገቡ ነጋዴው ዱቤውን ይመረምራል፤ ተማሪው ያጠናውንና ያላጠናውን ያስባል፤ የቤት እመቤት ከጎታው የቀረውን እህል ጎንበስ ብላ ታያለች፤ የመንግሥት ሠራተኛም ዓመቱ በሥራ ወይስ በወሬ እንዳለፈ ኅሊናውን ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሒሳብ በምን መስፈሪያ ይሰፈር? ስለዚህ ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ አንድ አገር ያስተማረኝ ስለ ሆነ፥ ያንኑ ለአንባቢ ላካፍል እወዳለሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታን አልፎ፥ ስሙ ራሱ የዘመን መለወጫን ከሚያስታውሰው ከአዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ፥ ከከተማው በላይ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ተራራ ያያል። ይህ ጣራ ገዳም ነው። በዙሪያው ያለው አገር በእርሻና በማገዶ ፍለጋ ሲራቆት፥ የዚህ ተራራ ወይራና ሌላውም የአገር ዛፍ በገዳሙ ጥላ ሥር ተጠብቆ ኖሯል። በክረምት መጨረሻ ከዚያ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የፎገራን ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ያየዋል፤ የሚያየው መሬት ይሁን ውኃ ለመለየት ግን ይቸገራል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ደለል ተሸክመው ወርደው፥ ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት በሜዳው ላይ ይተኛሉና።

አንድ ዓመት በጳጉሜን ወደ ወረታ ወርጄ፥ በማሳው ዳር ቆመው ውኃውን ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ «አባቴ፥ የዘንድሮ ምርት እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፥ ገና በውኃ ውስጥ ያለውን በምን ልስፈረው ብለህ ነው?» አሉኝ። እኔ ከሁለት ወር በፊት፥ ሰኔ 30 ቀን፥ የበጀቱ ዓመት ሲዘጋ ስለዚያው ሜዳ የተጻፈ ሪፖርት አንብቤ የተዘራውን መሬት እንደ ተፈጸመ ሥራ ቆጥሬ ነበርና፥ በጥያቄዬ አፈርሁ።

በእውነቱ ከሆነ በዚህ አገር ዓመቱ ሦስት ጊዜ ያልቃል። የመጽሐፈ ቤቱ ዓመት በሰኔ 30 ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ሩዙ ገና እየተዘራ ነው። የዘመን መቁጠሪያው ዓመት በጳጉሜን ያበቃል፤ ያን ጊዜ ሩዙ በውኃ መካከል ቆሞ ይታረማል። የገበሬው ዓመት ግን የሚያልቀው በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው ተፈጽሞ፥ ነዶው በአውድማ ሲወቃ ነው። እንግዲህ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ «ዘንድሮ ምን አገኘሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የፎገራ ሰው መልስ የለውም። ሊጠይቅ የሚችለው «ምን ዘራሁ? ምን ተማርሁ? የጀመርሁትንስ አልተውሁምን?» ብሎ ብቻ ነው።

የሜዳውም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ሩዝ ከመምጣቱ አስቀድሞ፥ የክረምቱ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት በእህል ረገድ እንደ ኪሣራ ይቆጠር ነበር። ሜዳው ይበልጡን የከብት ነበር፤ በወተቱና በገርነቱ የታወቀው፥ ብዙውን ጊዜ ነጭና ጥቁር የሆነው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። ገበሬው ውኃው ከሸሸ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። ጓያ ድርቅንም እርጥበትንም የሚችል፥ ለድኻ የሚራራ የሚመስል እህል ነው፤ በችግር ዘመን ሌላ ጠፍቶ እርሱን ብቻ አዘውትረው የበሉት እንደ ሆነ ግን እግርን ያሽመደምዳል። ሐኪሞች ይህን በሽታ ያጠኑባቸው ከነበሩት አገሮች ደንቢያና ፎገራ ዋናዎቹ ናቸው። ከዚያ የምንማረው ነገር ቢኖር፥ ለዛሬ ያጠገበ ሁሉ ለነገ የሚበጅ እንዳይደለ ነው።

በረግረጉ ውስጥ የዱር ሩዝ በቅሎ መታየቱ አንድ ምልክት ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ሩዝ እንዲዘራ አደረጉ። ነገሩ የተጀመረው በመንግሥት ዕቅድ፥ በማኅበር መሬትና በማኅበር ጉልበት ነው። በ1982 ዓ. ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው ከማኅበሩ ለመውጣት ነፃነት አገኘ፤ ማኅበራቱም ፈረሱ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ሒሳቡን የዘጋ ጸሓፊ ቢኖር፥ ሩዙንም ከማኅበራቱ ጋራ «የቀረ» ብሎ በመዘገበው ነበር። የመዝገቡ ሰው በዚያ ቀን ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ያላየው ነገር ነበር። ጥቂት ገበሬዎች ዘሩን ይዘው ወደ የቤታቸው ገብተው ነበርና፤ ዘሩ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአዋጅ የሆነ አይደለም። ገበሬው ውኃውን ከማሳው ማስወጣት ብቻ ያውቅ የነበረው፥ አሁን ድንበር አበጅቶ ማቆየትን ተማረ። ሴቶች የሩዙን ዱቄት ከጤፍ ጋራ ቀላቅለው እንጀራ መጋገርን ሞከሩ፤ ተሳካላቸው። ገለባው ለከብት ቀለብ ሆነ። ወፍጮ ቤቶች በወረታ በዙ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በዚያው ማሳ በቀረው እርጥበት ጓያ መዝራትም ቀጠለ። ከዚያ ዘመን የቆየው ዝርያ ዛሬም «ኤክስ ጅግና» እየተባለ ይጠራል፤ ማኅበሩ ጠፍቶ ስሙ በዘሩ ላይ ቀረ ማለት ነው። በ2000 ዓ. ም. ገደማ ሩዝ «የሚሊኒየሙ ሰብል» እስከ መባል ደረሰ፤ ዛሬም ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚያው በወረታ ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፥ ኪሣራ ይባል የነበረው ውኃ ሀብት ተባለ። ውኃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ዕውቀት ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳብ የሚባለው ገቢና ወጪው አብሮ ሲጻፍ ነውና፥ የወጪውንም ወገን መደበቅ አይገባም። በ1997 ዓ. ም. በሊቦ ከምከም አስቀድሞ ወባ የመሰለ፥ የወባ መድኃኒት ግን የማይመልሰው ትኩሳት ብዙ ሰው ጨረሰ፤ ሲመረመር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዱ የነበሩ ሠራተኞች በሽታውን ሳያውቁ ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ይታሰባል። እንግዲህ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው ለቤቱ ምን ይዞ እንደሚመለስ አስቀድሞ አያውቅም። በ1998 ዓ. ም. ክረምት ደግሞ የርብና የጉማራ ሙላት ከልኩ አልፎ መንደሮችን አጥለቀለቀ፤ ሕዝቡንም ከቤቱ አፈናቀለ። የግጦሹ መሬት ወደ ሩዝ ማሳ በመለወጡም የፎገራ ከብት ሥፍራው ጠበበው። የሩዝ አረም እንደ ሌላው አረም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እግርን በውኃ፥ ወገብን በጉንብስ ያስቀራል። አገራችንም ገና ብዙ ሩዝ ከውጭ አገር ትገዛለች። ስለዚህ ሥራው ተፈጸመ የሚል ሰው ቢኖር፥ እርሱ በሰኔ የተጻፈውን ሪፖርት ብቻ ያነበበ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የእኛስ ኑሮ ከዚህ በምን ይለያል? አንዱ በዚህ ዓመት ትምህርት ጀምሮ ገና ከመካከል ላይ ነው። ሌላው ልጅ ያሳድጋል፤ የልጅ ነገር በአንድ ጳጉሜን አይሰፈርም። ሌላውም በመሥሪያ ቤቱ የረባ ሥራ ጀምሮ አለቃ ተለውጦበታል፤ ወይም ዕቅዱ ተሠርዞበታል። እንዲህ ያለው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ጎታውን ባዶ ሲያይ፥ ዓመቱን ሁሉ ባዶ አድርጎ መቁጠር ይቃጣዋል። ግን በጅግናና በሻጋ እንደ ሆነው፥ ማኅበሩ ሲፈርስ ዘሩ በእጁ ቀርቶ እንደ ሆነ ያስብ። የተማረው ሙያ፥ የለመደው ትዕግሥት፥ ያፈራው ወዳጅ በመዝገብ የማይገቡ ዘሮች ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ ጥቂት ሠርቶ ብዙ የጻፈ ሰው፥ የወረታውን ሽማግሌ ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ ይጠቅመዋል።

ከወረታ ስመለስ በአዲስ ዘመን ቆሜ ወደ ጣራ ገዳም ቀና ብዬ ተመለከትሁ። የተራራው ወይራ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ችግኙን የጠበቀ መነኩሴ በጥላው ሳይቀመጥ ያለፈ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ቢሆንም ደኑ ቆሟል፤ ያ መነኩሴም በየዓመቱ መጨረሻ ያደረገው ነገር ቢኖር ዛፉን አለመቁረጡ ነበር። ይህም ራሱ አንድ የዓመት ሥራ ነው።

እንግዲህ አሮጌው ዓመት ሲያልቅ ያልደረሰውን አዝመራችንን ከውኃው ውስጥ አንንቀለው፤ በመጪውም ዓመት ከማረሙ አንቦዝን። አዲሱ ዘመን የጤናና የሥራ፥ ዘር የማይጠፋበት ዘመን ይሁንልን።