ፍሪዝ ፍሬም፦ የቅጽበት መዝገብ

የመኪና ኮምፒውተር ብልሽት ሲያገኝ ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ኮድ ነው። ሁለተኛውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ማንም ሳያነበው ይጠፋል። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር እንደነበር፣ የራዲያተሩ ውሃ ምን ያህል ሞቆ እንደነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል ጭነት እንደተሸከመ፣ ከተነሣም ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚያሳይ የቁጥር ገጽ ነው። በእንግሊዝኛ ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። በአማርኛ «የቅጽበት መዝገብ» ቢባል ሥራውን ይገልጻል። ቃሉን እንዳለ «የቀዘቀዘ ምስል» ብሎ መመለስ ግን መካኒኩን ያሳስታል፤ በገጹ ላይ ምስል የለም፣ ብርድም የለበትም።

ይህ መዝገብ ከማንም ይበልጥ የሚያስፈልገው የብልሽት ማስጠንቀቂያ መብራቱ እየጠፋ ለሚመለስበት የአሮጌ ሃይብሪድ ባለቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ኮድ ምን እንደተበላሸ ይጠቁማል፤ በምን ሁኔታ እንደተበላሸ አይናገርም። ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በተሠራው በሦስተኛው ትውልድ የቶዮታ ፕሪየስ ላይ ፒ0301 የሚባለው ኮድ ወጣ እንበል። ትርጉሙ በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በአግባቡ አልተቃጠለም ማለት ነው። ካንዴላው ይቀየራል፣ ኮይሉም ይቀየራል፣ መብራቱ ግን ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። መዝገቡ ቢነበብ ኖሮ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን መለየት ይቻል ነበር። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሆነ፣ ሌሊቱን ወደ ሲሊንደሩ ውሃ እየሰረገ ሊሆን ይችላልና የቴስታታ ጋስኬት ይጠረጠራል፤ በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ችግር ነው። ውሃው ሞቆ፣ ጭነቱ ከፍ ብሎ፣ ዳገት ላይ ከሆነ ግን ካንዴላውና ኮይሉ ቀድመው መታየታቸው ትክክል ነው። ኮዱ በሁለቱም ጊዜ ያው ፒ0301 ነው።

በባትሪው በኩል ደግሞ ስሕተቱ የበለጠ ውድ ነው። ፒ0ኤ80 የተባለው ኮድ ስሙ ራሱ «የሃይብሪድ ባትሪው ይቀየር» ስለሚል፣ ያነበበው ሁሉ ወዲያው ወደ ዋጋ ድርድር ይገባል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት የሆኑ 28 ክፍሎች ተያይዘው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት ነው። ኮምፒውተሩ ክፍሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ 14 ቡድን ይመለከታል፤ የአንዱ ቮልቴጅ ከሌሎቹ በጣም ሲርቅ ኮዱን ያወጣል። ስለዚህ ኮዱ ሲወጣ ባትሪው በእርግጥም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ያደከመው ምንድን ነው የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር ጎን ካለ ቀዳዳ፣ ከመኪናው ውስጥ በሚሳብ አየር ነው። ከአምቦ አስፋልት ወጥቶ በበጋ ጠጠር መንገድ ላይ የሚውል መኪና አቧራውን በዚያው ቀዳዳ ይስበዋል፤ ወንበሩ ላይ የተቆለለ ዕቃም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የቶዮታን የራሱን መመርመሪያ ወይም ሃይብሪድ የሚያነብ ማሽን ያለው ባለሙያ በመዝገቡ ላይ የባትሪውን ሙቀት፣ የቀረውን ቻርጅና የሚገባውን የሚወጣውን ኩረንት ያገኛል። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ አየሩን የሚስበው ቬንትሌተር ሳይጸዳ የሚገባው አዲስ ክፍል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ እንደ አሮጌው ይደክማል።

የምዕራብ ሸዋ መንገድ መዝገቡን ይበልጥ ተናጋሪ ያደርገዋል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ባኮ ደግሞ 1,650 አካባቢ። በብዙ የቶዮታ መዝገቦች ላይ የከባቢ አየር ግፊት አብሮ ይጻፋል። በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል የሚሆነው ግፊት አምቦ ላይ ወደ 78፣ ባኮ ላይ ወደ 83 ይሆናል። ባለቤቱ «የት እንደበራ አላስታውስም» ቢል እንኳ ቁጥሩ ከፍታውን ይጠቁማል፦ ከጉደር ወደ ጌዶ ሽቅብ ሲወጣ ነው ወይስ ወደ ባኮ ቁልቁል ሲወርድ? ለሃይብሪድ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩም ባትሪውም አብረው ይሠራሉ፤ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ መኪናው ራሱ ባትሪውን እየሞላ ይወርዳል፣ ባትሪው ሲሞላም ሸክሙ ወደ ሞተሩና ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያጠፋው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ኮድ ሲሰረዝ የቅጽበት መዝገቡም አብሮ ይሰረዛል፤ በብዙ መኪና የ12 ቮልቱን ባትሪ ገመድ መንቀልም ያንኑ ያደርጋል። መብራቱ ጠፋ ተብሎ ገንዘብ ይከፈላል። ብዙዎቹ ስሕተቶች መብራት የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ከታዩ በኋላ ስለሆነ መኪናው ለጥቂት ቀን ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ባለመኪናው መካኒኩን ሊለምነው የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ከመሰረዝህ በፊት ገጹን በስልክ አንሣልኝ።

«ልምድ ያለው መካኒክ ጆሮው ይበቃዋል» የሚል ክርክር አለ፤ ሲበላሽ ለሚጮህ ነገር እውነት ነው። የሃይብሪድ ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ሞተሩም እየጠፋ እየተነሣ ስለሚሄድ ጋራዥ ቆሞ ሳለ ችግሩ አይታይም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ በርካሽ የሚገዛው የብሉቱዝ መመርመሪያ የሃይብሪዱን ክፍል በሙሉ አያነብም፤ ደንቡም አምራቹን የሚያስገድደው አንድ ገጽ ብቻ እንዲያስቀምጥ ነው፤ ያም ገጽ በሞተር መቆራረጥ ወይም በነዳጅ ሥርዓት ስሕተት ሊተካ ይችላል። ልክ ነው። በዚህ ምክንያት ገጹ የየትኛው ኮድ እንደሆነ ማየት ግድ ነው፤ በገጹ ላይ ተጽፏል። ጎዶሎ ማስረጃ ግን ከባዶ ግምት ይሻላል፤ በተለይ ወደ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ለሚሄድ መኪና፣ አምቦ ላይ የተነሣው ፎቶ እዚያ ላለው ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ያቀልለታል። ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከበራ ግን መዝገብ መጠበቅ የለም፤ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶችም ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው።

መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት ሃይብሪዶች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ማርጀታቸው አይቀርም። ለገዢ የሚጠቅም አንድ ቁጥር ከመዝገቡ ጎን አለ፦ ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳው ኪሎ ሜትር። ሻጩ መብራት በርቶ አያውቅም እያለ ይህ ቁጥር 20 ወይም 30 ካሳየ፣ ገዢው ሊብሬውን ከመቀበሉ በፊት መኪናውን ለጥቂት ቀን በዳገትና በቁልቁለት ነድቶ እንዲያይ መጠየቅ መብቱ ነው።