የመሣሪያ ሳጥኔ ታሪክ፣ ከአንድ የዘገየ ይቅርታ ጋር



መስቀል እየደረሰ ነው። እንደምታውቁት በእኛ ቤት መስቀል ያለ ክትፎ፣ ክትፎም ያለ ስል ቢላ አይሆንም። ቅዳሜ ዕለት እዚሁ ቡታጅራ ጓሮዬ ውስጥ ካለችው የቆርቆሮ ሥራ ቤቴ ገብቼ የአባቴን ቢላ እጀታ ስቀይር ዋልኩ። የሞርሳዬ አንዱ መንጋጋ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በባሌስትራ ቁራጭ ተክቼ በሁለት ብሎን አስሬዋለሁ። ይሠራል።

ልጄ አጠገቤ ቆማ ዕቃ ታቀብለኛለች። "ሊማውን ስጪኝ፣ ፒንሳ አምጪ፣ ካቻቪቴው የታለ?" ስላት፣ "አባ፣ እነዚህ የምን ቋንቋ ናቸው?" አለችኝ። የታሪክ መምህር ልጅ መሆን ጣጣው ይኼ ነው፤ መልሱ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ቃላቱ ጣሊያንኛ ናቸው። ሞርሳ፣ ሊማ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ሴጌቶ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ መንገድ ሲሠራ፣ ካሚዮን ሲነዳና ሲጠግን ከጎኑ ሆኖ ዕቃ ያቀበለው የእኛ ሰው ነው። ወራሪው ከተባረረ በኋላም አንዳንድ ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ረዳቱ ሙያውን የቀሰመው በዓይኑና በእጁ ነው፤ ቃሉንም እንደሰማው ይዞት ቀረ።

ግን ሳጥኔ ውስጥ ሌሎች ቃላትም አሉ፤ መዶሻ፣ መሮ፣ ጉጠት፣ ሞረድ። ወናፍንም ጨምሩበት። እነዚህ ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የነበሩ የእኛው ባለእጆች ቃላት ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በትራፓኖና በሞርሳ የሚሠራውን "መካኒክ" አልነው። በወናፍና በጉጠት የሚሠራውን ግን "ቀጥቃጭ"፣ "ቡዳ" አልነው። ሁለቱም እኮ የሚሠሩት ያው ብረት ነው!

ነገሩ ጥንት የጀመረ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችንና የአገር ሰዎችን ይዘው መድፍ አስቀልጠዋል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው። የጋፋት ሥራ ግን ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ጸሐፊውን ሳይቀር መሳደብ አገርን ያለ ባለሙያ እንደሚያስቀር ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር አስቡት።

እኛም ጉራጌዎች ንጹሕ አይደለንም። የጎጆአችንን ምሶሶ ጠርቦ የሚያቆመውን፣ ሸክላውን፣ ቆዳውንና ብረቱን የሚሠራውን ሰው በጅምላ "ፉጋ" ብለን አገለልነው። መሬት እንዳያርስ ከለከልነው፤ ጋብቻም ነፈግነው። በሠራው ቤት እየኖርን ሠሪውን ደጅ አቆምነው።

የሚገርመው ደግሞ እኛው መርካቶ ወርደን ምናለሽ ተራ ምን እንደሚሠራ በዓይናችን አየን። የተጣለ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። እዚያ ግን "ሥራ ክቡር ነው" እንላለን።

የማወራው ስለ ድሮ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ክፍሉ ሲረብሸኝ "ካልተማራችሁ መጨረሻችሁ ብየዳ ቤት ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ከኋላ አንድ ልጅ አንገቱን ደፋ። አባቱ በያጅ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። የተቀመጠበት የብረት ዴስክ እንኳ የበያጅ ሥራ ነበር። ላናግረው እያሰብኩ ዓመቱ አለቀ።

ይኼን የምታነብ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁም ሁሉ፣ ያ ንግግር ከትምህርቴ ውስጥ ይሰረዝልኝ።

ማታ ቢላውን ጨርሼ ለአባቴ ሰጠሁት። ወልቂጤ ገበያ ከገዛው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ስለሆነ ዛሬም እንደ ምላጭ ይቆርጣል። "ማን ነው የሠራው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አንድ ቀጥቃጭ" አለኝ። ስሙን አያውቀውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የመስቀል ክትፎአችንን በእሱ ቢላ ስንከትፍ፣ አንድ ቀን ከገበታው ላይ አልተጠራም።

እስቲ እናንተም ቤታችሁ ያለ አንድ ዕቃ አንሱና ማን እንደሠራው ጠይቁ። ስሙን ካገኛችሁ ከታች ጻፉልኝ።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንላችሁ!