አቡነ ጴጥሮስና የካንት ጥያቄ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት የሚያስታውሰንን ታሪክ በአንድ የፍልስፍና ጥያቄ መመርመር ነው። ጥያቄውም «ሰው ነፃ መሆኑን በምን ያውቃል?» የሚል ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ምሳሌ ያቀርባል። አንድ ገዥ ሰውየውን ጠርቶ በንጹሕ ሰው ላይ በሐሰት እንዲመሰክር ያዝዘዋል፤ እምቢ ካለ ይሰቀላል። ሰውየው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት ሞትን ፈርቶ ይመሰክራል። እምቢ ማለት እንደሚችል ግን ያውቃል፤ ምክንያቱም ማድረግ የሚገባውን ያውቃል። ስለዚህ እንደ ካንት አባባል ነፃነታችንን የሚያሳውቀን ግዴታችን ነው።

ለካንት ምናባዊ የነበረው ጥያቄ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እውን ሆነ። አርበኞች ከተማዋን ከኢጣሊያ ጦር ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ በጠላት እጅ የወደቁት አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እምቢ አሉ፤ በአደባባይም በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1793 ስለ ሃይማኖት ባሳተመው ሥራው ደግሞ ክፋት ሰው የራሱን ጥቅም ከሞራል ሕግ አስበልጦ በገዛ ፈቃዱ ሲመርጥ የሚገኝ ነገር መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ሚዛን «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ለጠላት ያደረው ባንዳም እንደ ጳጳሱ ነፃ ነበር፤ የሚወቀሰውም ስለዚህ ነው።

እርግጥ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም። ለካንት የሞራልን ሕግ የሚደነግገው የሰው የራሱ አእምሮ ሲሆን፣ አቡኑ ግን የእምነት አባትና የመንጋ ጠባቂ ነበሩ። በአንድ ነጥብ ላይ ግን ይገናኛሉ፤ ይኸውም ኃይል አካልን እንጂ ፈቃድን ሊያስገድድ አለመቻሉ ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህ ነጥብ ትልቅ ትርጉም አለው። ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው በ«የደም ድምፅ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ይህንኑ ታሪክ ወደ መድረክ አምጥተውታል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እንዲህ ያሉትን ተውኔቶች ስናነብ ጴጥሮስን ፍርሃት የማያውቅ ፍጡር አድርገን ከወሰድናቸው ክብራቸውን መጨመራችን ሳይሆን ምርጫቸውን መንጠቃችን ነው። ሞት የማያስፈራው ሰው እምቢ ቢል ምን ይደንቃል? እምቢታቸው ሰማዕትነት የሚባለው እሺ ብለው መትረፍ ይችሉ ስለነበረ ነው።