መብረቅ በድርጅት ስልክ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ቤተ ክርስቲያን በዘመነ ክረምት የሐምሌን መጨረሻና የነሐሴን መባቻ በመብረቅና በነጎድጓድ ስም በምትጠራበት ወቅት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተመሠረተችው አዲስ አበባ፣ በተለይም ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መብረቅ በምሰሶ በተዘረጋ የመዳብ መስመር ወይም በመብራት ሽቦ ገብቶ ፒኤቢኤክስ የሚባለውን የስልክ ማዞሪያ የሚያቃጥል አደጋ ነው። መብረቁ በቅርብ ወርዶ ሽቦውን ባይመታው እንኳ፣ 30,000 አምፔር ያህል የሚደርሰው ጅረቱ የሚቀሰቅሰው ብርቱ ቮልቴጅ፣ የስልኩና የመብራቱ ግራውንድ ተለያይተው ሲያገኛቸው ማዞሪያውን መሻገሪያ ያደርገዋልና፣ ሁለቱን በአንድ ማስተሳሰር ከመከላከያው ሁሉ ይበልጣል። ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ሥፍራ ደግሞ፣ መሬቱ በበጋ ተሰነጣጥቆ ከተቀበረው የግራውንድ ዘንግ ስለሚላቀቅ፣ ክረምት ሳይገባ ግራውንዱን መለካት ግድ ነው።

ጉዳት ሲደርስ፣ ነጎድጓዱ ጸጥ እስኪል ሽቦ ሳይነኩ ቆይቶ፣ ከዚያም ኃይሉን አጥፍቶ ገቢውን መስመር ከማዞሪያው በመንቀል በተራ ስልክ መፈተን ይገባል፤ የመደወያ ድምፁ ከተሰማ መስመሩ ደኅና ነው፣ ጥፋቱም የውስጥ ነው። የጠቆረው የመስመር ካርድ ይለወጣል፤ ጤነኛ መስሎ የተረፈው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊበላሽ ስለሚችል ምትክ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ብረት የሌለበት የፋይበር መስመር መብረቅን ባያስገባም፣ የመብራቱ ሽቦ መከላከያ ካልተደረገለት አደጋው አይወገድም።